አሮጌው መሣሪያና የሚያውቀው ሰው



እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በሃርዌል የአቶሚክ ኃይል ምርምር ጣቢያ፣ አንድ ኮምፒዩተር ሥራ ጀመረ። ክብደቱ 2.5 ቶን ሲሆን፣ ሁለት ቁጥሮችን ለማባዛት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። ቁጥሮቹን የሚይዘው ዴካትሮን በሚባሉ፣ ጋዝ በተሞሉ የብርጭቆ ቱቦዎች ስለሆነ፣ ስሌቱ በሚካሄድበት ጊዜ የብርሃን ነጥብ ከቦታ ወደ ቦታ ስትዘል በዓይን ትታያለች። ይህ መሣሪያ ከምርምር ጣቢያው ከወጣ በኋላ በዎልቨርሃምፕተን ለተማሪዎች ማስተማሪያ አገልግሏል። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በመጋዘን ተቀምጦ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ታድሶ በብሌችሊ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ሙዚየም እንደገና ለመሥራት በቃ።

በሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲሠራ የሚያይ ባለሙያ ልቡ መነካቱ የማይቀር ነው። ናፍቆቱም ያለምክንያት አይደለም። በአሮጌው መሣሪያ ውስጥ ሥራው ራሱ ይታይ፣ ይሰማም ነበር፤ የሪሌው ምት፣ የቴፑ መሽከርከር፣ የተበሳው ካርድ ሲያልፍ የሚሰጠው ድምፅ ስለ መሣሪያው ጤንነት ይናገራሉ። ጆሮው የለመደ ቴክኒሺያን ብልሽቱን ገና በሩ ላይ ሆኖ ይለየው ነበር። ዛሬ በጥፍር ላይ ሊቀመጥ የሚችል ቺፕ ከዚያ ሁሉ የበለጠ ይሠራል፤ ሆኖም የሚሠራውን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያው የሚናፍቀው ብረቱን ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያውን ከላይ እስከ ታች የሚያውቅበትን ዘመንም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ በሙዚየም ያለው አሮጌ መሣሪያና በሥራ ላይ ያለው አሮጌ መሣሪያ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቢበላሽ የሚያዝነው ጎብኚው ነው፤ ሁለተኛው ቢበላሽ ግን ባቡር ይቆማል፣ ደመወዝ ይዘገያል፣ ሕዝብ ይጉላላል። ታዲያ በዚህ በሁለተኛው ረገድ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ምን መሆን አለበት?

በመጀመሪያ፣ አሮጌ መሣሪያ በሥራ ላይ መገኘቱ በራሱ የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል። የአሜሪካ አየር ኃይል የኑክሊየር ኃይሉን ትእዛዝ በሚያስተላልፍበት ሥርዓት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ለገበያ በቀረበው የአይ.ቢ.ኤም. ሲሪስ 1 ኮምፒዩተርና ስፋታቸው 8 ኢንች በሆኑ ፍሎፒ ዲስኮች ሲጠቀም ቆይቶ፣ ዲስኮቹን በዘመናዊ የመረጃ ማከማቻ የተካው በ2019 ዓ.ም. ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የባቡር መቆጣጠሪያ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ሲተከል ፕሮግራሙ በየማለዳው ከፍሎፒ ዲስክ እንዲጫን ሆኖ የተሠራ ነበር። ከተማው ይህንኑ ሥርዓት በአዲስ ለመተካት የ212 ሚሊዮን ዶላር ውል ያጸደቀው በ2024 ዓ.ም. ነው። ጋዜጦች እነዚህን ወሬዎች ለመሳቂያ አቅርበዋቸዋል። መሐንዲሱ ግን አንድን መሣሪያ በዕድሜው አይፈርድበትም። ለብዙ ዓመታት የሠራ መሣሪያ ጠባዩና ድክመቱ የታወቀ ሲሆን፣ አዲሱ ግን ገና ያልተፈተነ ነው። ሳይጠና በችኮላ የሚደረግ ለውጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ያደርጋል።

በሁለተኛ ደረጃ ግን አደጋው የት እንዳለ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎች አደጋው ከመለዋወጫ እጥረት የሚመነጭ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ይህም አለ፤ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የፍሎፒ ዲስክ ሽያጩን ሲያቆም፣ በዲስኩ የሚጠቀም ሁሉ ከአሮጌ ክምችት ለመለቃቀም ተገዷል። ሆኖም ዕቃ ተፈልጎ ይገኛል፤ ካልተገኘም አምሳያው ይሠራል። ጨርሶ ከጠፋ የማይተካው ግን እውቀት ነው።

ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር የታየው ሁኔታ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች የድጎማ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ፣ ጥያቄውን የሚያስተናግዱት ኮምፒዩተሮች በኮቦል ቋንቋ በተጻፉ አሮጌ ፕሮግራሞች የሚሠሩ ስለነበሩ፣ የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዱ በይፋ ጥሪ አቀረቡ። የኮቦል መሠረት የተጣለው በ1959 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፕሮግራሞቹን የጻፈው ትውልድ አብዛኛው በጡረታ ተሰናብቷል። ቋንቋው አልተበላሸም፤ ያነሰው አንባቢው ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ምሳሌ ደግሞ ከምድር እጅግ ርቆ ከሚገኘው ሰው ሠራሽ ዕቃ እናገኛለን። ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ስትመጥቅ የያዘቻቸው ኮምፒዩተሮች ሚሞሪ በጠቅላላው 70 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነበር። በኖቬምበር 2023 ዓ.ም. ይህች መንኮራኩር ምልክት መላኳን ሳታቋርጥ፣ የምትልከው መልእክት ግን ትርጉም የሌለው ሆነ። በዚያን ጊዜ ከምድር 24 ቢሊዮን ኪሎሜትር ያህል ርቃ ስለነበር፣ አንድ ትእዛዝ እርስዋ ዘንድ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱም ለመመለስ እንዲሁ 22 ሰዓት ተኩል ይወስድ ነበር። ሄዶ ሊጠግናት የሚችል ሰው የለም፤ የሚልኩላት መለዋወጫም የለም።

የነበራቸው ነገር ወረቀት ነው። ባለሙያዎቹ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተጻፉትን ሰነዶች እያገላበጡ፣ ከመንኮራኩሯ የተላከውን የሚሞሪ ቅጂ ቀድሞ ከነበረው ጋር እያስተያዩ፣ መረጃ በሚያዘጋጀው ኮምፒዩተር ውስጥ ከሚሞሪው 3 በመቶ ያህሉ መበላሸቱንና ምክንያቱም አንድ ቺፕ መሆኑን ደረሱበት። በቺፑ ላይ የነበረው ፕሮግራም በሙሉ የሚያርፍበት አንድ ሰፊ ቦታ ስላልነበረ፣ ቈራርጠው በየክፍተቱ አስቀመጡት፤ ቍርጥራጮቹም እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ አድራሻቸውን አስተካከሉ። በኤፕሪል 20 ቀን 2024 ዓ.ም. መንኮራኩሯ ስለ ጤንነቷ የሚነበብ መልእክት ላከች። እነዚያን ሰነዶች የጻፉት መሐንዲሶች ከ46 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ብልሽት አልገመቱም ነበር። የሠሩትን በጥንቃቄ መጻፋቸው ግን በቂ ሆነ።

ይህ ጉዳይ ለባለጸጋ አገሮች ብቻ የተተወ እንዳይመስል፣ በአማርኛ ጽሑፍ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም አዘጋጅ ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ይደለድል ነበር። በዚህም የተነሣ በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም ጥናት ያለ ፊደል ዓይነቱ በዛሬ ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ ቁልፉ ግን ጠፍቷል። ያ ቁልፍ ደግሞ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደቆመ የሚያሳይ ጥቂት ገጽ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ያለው መሥሪያ ቤት መዝገቡን በሙሉ ወደ አዲሱ አሠራር ሊያዛውር ይችላል፤ የሌለው ግን አሮጌው ኮምፒዩተር እንዳይሞትበት እየጸለየ ይኖራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። አሮጌ መሣሪያ በሥራ ላይ ሊቆይ የሚገባው ሥራውን የሚያብራራ ጽሑፍና ጽሑፉን የሚያነብ ሰው እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ደህና ቢሠራ፣ የመተኪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ በግልጽ ሊነገር የሚገባው አንድ የሙያው ድክመት አለ። በብዙ መሥሪያ ቤት «ይህ መሣሪያ ያለ እገሌ አይነሣም» ይባላል። አባባሉ ለእገሌ ምስጋና ይመስላል፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግን ክስ ነው። እገሌም ቢሆን እውቀቱን በደብተር ሳያሰፍር በልቡ ይዞ መቆየቱ ሳያስበው የክብሩ መሠረት ይሆንበታል። አለቆቹም መሣሪያው እስከሠራ ድረስ ለመጻፊያ የሚሆን ጊዜ አይሰጡትም። ጡረታ በወጣ ማግስት ግን ጥፋቱ የማን እንደነበረ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ የለም።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የእያንዳንዱ ጥገና ቀን፣ ምልክትና መፍትሔ በመዝገብ ይስፈር። ንድፉ ሲለወጥ ምን እንደተለወጠ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተለወጠም ይጻፍ። ነባሩ ባለሙያ በሥራ ላይ ሳለ አንድ ወጣት ከጎኑ ይመደብ፤ ጽሑፉም የሚፈተነው ወጣቱ ያለ ነባሩ እርዳታ መሣሪያውን አጥፍቶ ሲያስነሣ ነው። የመተኪያው ዕቅድም መሣሪያው ጤነኛ ሳለ ይዘጋጅ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አሮጌውን መሣሪያ የሚወድ መሐንዲስ ፍቅሩን የሚገልጠው አቧራውን በመጥረግና የድሮውን ዘመን በማወደስ ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ጽፎ፣ ለሚተካው ሰው በእጁ ሲያስረክብ ነው።