ለቦርከና ዓሣ የሚስማማ መንጠቆ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ዓሣ መንጠቆ እናገራለሁ ብዬ ስሜን ባስመዘገብሁ ጊዜ ርእሱ ለእንዲህ ያለ ስብሰባ ያነሰ የመሰላቸው አልጠፉም። እኔ ግን አላነሰም ባይ ነኝ። የትኛው ዓሣ እንደሚያዝና የትኛው ለከርሞ እንደሚተርፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው መንጠቆው ውሃ ከመግባቱ በፊት፤ ገና ከሱቅ ሲመረጥ ነው። ይኸንንም ለማስረዳት ወደ ከሚሴ፤ ወደ ቦርከና ዳር እወስዳችኋለሁ።

ቦርከና በደሴ አካባቢ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ይወርድና ጨፋ በሚባለው ሰፊ ረግረግ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ መጨረሻውም ወደ አዋሽ ነው። በበጋ የኦሮሞ፤ የአፋርና የአርጎባ ከብት ለሣር የሚሰበሰብበት ይኸው ጨፋ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ያን ጊዜ አምባዛው ከወንዙ ወጥቶ ውሃ ወደ ዋጠው ሣር እየገባ ዕንቁላሉን ይጥላል። ከአምባዛ ሌላ ነጭ ዓሣ የምንለው የባርበስ ወገንና ቆረሶም በወንዙ ይገኛሉ። የሦስቱ አፍም ጠባይም አንድ አይደለም።

አሁን ጂግ ስለሚባለው ማጥመጃ ልናገር። ጂግ ማለት ከክር ማሠሪያው ቀዳዳ አጠገብ የእርሳስ ራስ የተጣበቀበት መንጠቆ ነው። ዘንጉ ከራሱ አጠገብ ይታጠፋል፤ ቀዳዳውም ወደ ላይ ብቅ ይላል። እርሳሱ ወደ ታች ሲስብ የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይዞራል። አጥማጁ በትሩን ብድግ ዝቅ ሲያደርግ ጂጉ ከወንዙ መሬት ላይ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ይሄዳል፤ ዓሣውም የሸሸ ምግብ መስሎት ይከተለዋል። ጫፉ ወደ ላይ መሆኑ ለቦርከና ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም የወንዙ መሬት ጭቃና የወደቀ እንጨት፤ ዳሩም ፊላና ሥር ነው። ተራው መንጠቆ በዚያ ላይ ቢጎተት ከዓሣው ይልቅ ግንዱን ይይዛል።

የእጥፋቱም መጠን ይለያያል። 90 ዲግሪ የታጠፈው ቀጥ ብሎ ለመዝለል ይመቻል፤ ጥልቅ ብሎ ለቆመ ውሃ ጥሩ ነው። ወደ 60 ዲግሪ ግድም የታጠፈው ግን ሲጎተት አፍንጫው ወደ ፊት ስለሚያዘነብል በሣር መካከል ሾልኮ ያልፋል። ለጨፋ ዳር እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ቀጥሎ የሽቦው ነገር ነው። አበርዲን የተባለው መንጠቆ ሽቦው ቀጭን፤ ዘንጉ ረጅም ነው። ግንድ ቢይዝ በኃይል ሲሳብ ይቃናና ይለቃል፤ በፒንሳ መልሶ ማጉበጥ ይቻላል። መንጠቆ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይኽ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ትልቅ አምባዛም እንደ ግንዱ ያቃናዋል። ኦሾኔሲ የሚባለው ደግሞ በመዶሻ ተመትቶ ጠፍጠፍ ያለ ወፍራም ሽቦ ስለሆነ ለአምባዛ ይችላል። ሲጣበቅ ግን ክሩ ይበጠሳል እንጂ እርሱ አይቃናም። የአምባዛ ራስ እንደ ጋሻ የጠነከረ አጥንት ነው። ስለዚህ ከሽቦው ውፍረት ይልቅ እንዲያውም በጫፉና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት መስፋቱ ይበልጣል፤ ጠባብ ከሆነ ወፍራሙን ከንፈር አልፎ አይገባም።

ስለ ቁጥሩ አንድ ቃል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያንሳል፤ 6ም ከ2 ያንሳል። ከ1 በኋላ ግን 1/0፤ 2/0፤ 3/0 እያለ ያድጋል። ለነጭ ዓሣ 4 ወይም 6፤ ለአምባዛ 2/0 ወይም 3/0 ይበቃል። ቆረሶ አፉ ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ምግቡም የውሃ አረንጓዴ ስለሆነ ጂግ እምብዛም አያሳድድም። በትንሽ መንጠቆና በትል ይያዛል። የቆረሶ እናት ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ እንደምትይዝ ግን አትርሱ፤ እርሷን ያወጣ ሰው ቤተሰቡን በሙሉ አወጣ ማለት ነው።

«የራበው ሰው ትንሹን ዓሣ ወደ ውሃ አይመልስም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ እኔም መልስ ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም። ነገር ግን 2/0 መንጠቆ የጣለ ሰው ጫጩቱን መመለስ አያስፈልገውም፤ ጫጩቱ መጀመሪያውኑ አይጎርሰውም። በሐምሌና በነሐሴ፤ አምባዛው ለመራባት ወደ ሣሩ በሚወጣበት ወራት፤ ሣሩ ዳር መንጠቆ አለመጣል ደግሞ ከምርጫው ሁሉ ይበልጣል። የናይሎን መረብ ከመንጠቆ የበለጠ እንደሚጨርስ አውቃለሁ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ጫፉ ወደ ዘንጉ የተመለሰው ክብ መንጠቆ ብዙ ይመሰገናል። የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ከአጥንትና ከዛጎል ጥንት ይሠሩት ነበር። ዓሣው ውጦት ሲሄድ ተንሸራቶ በአፉ ማዕዘን ላይ ይያዛል፤ ሆዱን አይቀድም። ሆኖም ለጂግ አይሆንም። ጂግ የሚጥል ሰው ዓሣው ሲነካ ብድግ ያደርጋል፤ ክቡ መንጠቆ ግን ብድግ ሲደረግ ከአፉ ይወጣል። ማታ ምግብ አስቀምጦ አምባዛ ለሚጠብቅ ሰው እርሱን ይግዛ። ሦስት ጫፍ ያለውን ግን ማንም ባይገዛው ደስ ይለኛል፤ ሣር ይሰበስባል፤ ትንሹንም ዓሣ ዓይኑን ያጠፋል።

መንጠቆውን ራሳቸው ለሚሠሩ ልጆች ደግሞ ይኽን እላለሁ። የሚስማር ብረት ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ በእሳት ግሎ ውሃ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም፤ ዓሣው ያቃናዋል። የስፌት መርፌ ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ሳይሞቅ ሊያጎብጡት ቢሞክሩ ይሰበራል። እስኪቀላ አግሎ በዝግታ ማቀዝቀዝ፤ ከዚያ ማጉበጥ፤ እንደገና አግሎ ውሃ መንከር፤ በመጨረሻም ሰማያዊ እስኪመስል ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው። የአገራችን ቀጥቃጮች ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይኽን ያውቁታል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። የጂጉን ራስ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እያቀለጡ መሥራት አደገኛ ነው። ጭሱ የሚያቀልጠውን ልጅ ይመርዛል፤ ተበጥሶ ወንዝ ውስጥ የቀረውን ደግሞ ወፎች ከጠጠር ጋራ ይውጡታል። በእንግሊዝ አገር ስዋን የተባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች በዚህ ምክንያት በብዛት ስለሞቱ በ1987 እ.ኤ.አ. አብዛኛዎቹ የእርሳስ ማጥመጃ ክብደቶች እንዳይሸጡ ተከለከሉ። ጨፋም የወፎች ማረፊያ ነው፤ ከብቱም ሰውም ከዚያው ውሃ ይጠጣል። በእርሳስ ፈንታ የብሎን ዳዶ በመንጠቆው አንገት ላይ በሽቦ ጥብቅ አድርጎ ማሠር ይቻላል። ከእርሳስ ይቀላልና በመጠኑ ተለቅ ያለውን ዳዶ ምረጡ።

የነገርኋችሁን መንጠቆዎች በየዓይነቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ቀርባችሁ ልትመለከቱ ትችላላችሁ። የጫፉን ስለት ለመሞከር በጥፍራችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉት፤ ከተንሸራተተ ሞረድ ይፈልጋል፤ ከያዘ ደግሞ እጃችሁን ጠብቁ።