የአስም ምክንያት ፍለጋ፦ ከሕሙማን ደም እስከ እህል ጎተራ



የአስም ሕመምተኛ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚታየው ውጤቱ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ይህን ምክንያት ለማግኘት የሐኪሙ ጥረት ብቻውን እንደማይበቃ የባርሴሎና ታሪክ ያስረዳል።

በዚህች የስፔን የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1987 ድረስ አስም 26 ጊዜ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቷል። በነዚያ ቀናት ሕሙማን በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ይጎርፉ ነበር፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። ዦዜፕ ማሪያ አንቶ፣ ዦርዲ ሱኒየርና የሥራ ጓደኞቻቸው የሕሙማኑን መዝገብ ከመርከቦች ማራገፊያ መዝገብ ጋር አስተያዩ። በ1985 እና በ1986 ወረርሽኝ የታየባቸው 13 ቀናት ሁሉ በወደቡ አኩሪ አተር የተራገፈባቸው ሆነው ተገኙ።

ታዲያ ብናኙ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ በ1960ዎቹ ዓመታት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ በአሜሪካ፣ ዮሃንሶንና ቤኒክ ደግሞ በስዊድን ባገኙት ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ በተባለው ፕሮቲን ላይ ይመሠረታል። የአኩሪ አተር ብናኝ በተደጋጋሚ ወደ ሳንባ ሲገባ፣ የአንዳንድ ሰዎች ሰውነት ይህን ፕሮቲን በብናኙ አንጻር ያመርታል። ፕሮቲኑም ማስት በተባሉት ሕዋሳት ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ብናኙ ዳግመኛ ሲመጣ ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ የአየር ቧንቧዎች ጡንቻ ይኮማተራል፤ የውስጥ ሽፋናቸው ያብጣል፤ የአየሩም መንገድ ይጠባል። በወረርሽኙ ቀናት ከታመሙት የብዙዎቹ ደም ሲመረመር በአኩሪ አተር አንጻር የተመረተው ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ ተገኘ፤ በሌላ ቀን ከታመሙት የአስም ሕሙማን ግን በጥቂቶቹ ብቻ ታየ።

አስም ሁሉ በዚህ መንገድ የሚመጣ አይደለም። የባርሴሎናው ግን ምንጩ ከታወቀ በኋላ መፍትሔው የተገኘው ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከወደቡ ነው። ብናኙ ይወጣ የነበረው ማጣሪያ ካልተገጠመለት የእህል ጎተራ ነበር፤ ማጣሪያው ከተተከለ በኋላ ወረርሽኙ ተገታ። የሕሙማኑ ተፈጥሮ እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው ጎተራው ነው።

የስንዴ ዱቄት ብናኝም በወፍጮና በዳቦ ቤት ሠራተኞች ላይ በዚሁ መንገድ አስም ያስከትላል። ስለዚህ የጎተራ ወይም የወፍጮ ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ወጪ ለመቀነስ ማጣሪያውን ከንድፉ ቢሰርዝ፣ የተቀነሰው ወጪ በሌሎች ሰዎች ትንፋሽ የሚከፈል ዕዳ ይሆናል።