ጥያቄ የሚመስል ትእዛዝ
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

  

የዛሬው ርእሳችን አንደበት ነው። ስለ ሐሜትና ስለ ውሸት ከዚህ ቀደም ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ የምንነጋገረው እንዴት እንደምናዝና እንዴት እንደምንጠይቅ ነው። ነገሩ የሰዋስው ትምህርት ሊመስል ይችላል። ሆኖም የአንዲት ልጅ ትዳር በአንድ አረፍተ ነገር አጠያየቅ ሊቃና ወይም ሊበላሽ ይችላልና እስከ መጨረሻው እንድትከታተሉን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በዐረብኛ ጥያቄ ራሱን ከፊት ያስታውቃል። «ሀል» ወይም «አ» ከፊት ስትመጣ ሰሚው ገና ከመነሻው እየተጠየቀ መሆኑን ያውቃል። እንግሊዝኛ የቃላቱን ቦታ ያለዋውጣል። አማርኛችን ግን ነገሩን ወደ መጨረሻው ያቆየዋል። አንድ የደብረ ታቦር አባት «ልጄ፣ ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ ከወንድምህ ጋር ወደ ወረታ ገበያ…» ብሎ ቢያቋርጥ፣ ልጁ «ሂድ» ሊባል ይሁን፣ «አትሂድ» ሊባል ይሁን፣ «ትሄዳለህ ወይ» ተብሎ ሊጠየቅ ይሁን አያውቅም። ፍርዱ ያለው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው።

በማሰሪያው ላይ የምትጨመር አንዲት ቃል ደግሞ ሁሉን ትለውጣለች። «ትመጫለሽ ወይ?» የሚል ሰው መልሱን ሊሰማ ይፈልጋል። «ትመጫለሽ አይደል?» የሚል ሰው መልሱን አስቀድሞ መርጦ ይዟል። «ትመጫለሽ እንዴ?» የሚለው ተገርሟል። «አትመጪም?» የሚለውስ? በብዙ ቤት ይህ ጥያቄ አይደለም፤ «ነይ» ማለት ነው። ደጃፍ ላይ የቆመን እንግዳ «አይገቡም?» እንደምንለው ማለት ነው።

ዑለማዎቻችን ይህንን ጉዳይ በጥልቀት መርምረውታል። በ471 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የበላጋ ሊቅ ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ፣ የንግግር ፍቺ በነጠላ ቃላት ብቻ ሳይሆን በቃላቱ አደራደር እንደሚገኝ በሰፊው አስረድተዋል። ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ ከታተመ ወዲህ ትርጉሙን በየቤታችን እናነባለንና ይህ ትምህርት ለኛም ያስፈልገናል።

የትእዛዝ ቅርጽ ያለው ሁሉ ግዴታ አይደለም። በሱረቱል ማኢዳ 2ኛ አንቀጽ ላይ ከኢሕራም የወጣ ሰው አደን እንዲያድን በትእዛዝ ቅርጽ ተነግሮታል። ይሁንና ከሐጅ የተመለሰ ሁሉ ማደን አለበት የሚባል ነገር የለም። ዑለማዎች ያስረዱት፣ በኢሕራም ወቅት ተከልክሎ የነበረው አሁን ተፈቀደ ማለት መሆኑን ነው።

የጥያቄ ቅርጽ ያለውም ሁሉ ጥያቄ አይደለም። በዚያው ሱራ 91ኛ አንቀጽ ላይ መጠጥና ቁማር የሚያመጡት ጥፋት ከተዘረዘረ በኋላ የመተው ነገር የቀረበው በጥያቄ መልክ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ግን የሰሙት ትእዛዝ ነበር፤ ተውን ሲሉ መለሱ። መጠጡም በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። አላህ (ሱ.ወ) የማያውቀው ነገር የለምና የርሱ ጥያቄ ለማወቅ አይደለም። እኛን ሊያነቃንና ሊያዘን ነው።

ውድ አድማጮች፣ ይህ የፈጣሪ ንግግር ነው። እኛ የሰው ልጆች ግን የሌላው ልብ ውስጥ ያለውን አናውቅም። ስለዚህ ሸሪዓ «ጠይቁ» ባለን ቦታ ላይ ጥያቄያችን እውነተኛ ጥያቄ መሆን አለበት። ለዚህ የበሪራን ታሪክ እንመልከት።

በሪራ (ረ.ዐ) ባሪያ ነበረች፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነጻ አወጧት። ባሏ ሙጊስ ገና በባርነት ላይ ስለነበረ፣ ነጻ ስትወጣ ከርሱ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት። መለየትን መረጠች። ሙጊስ ግን እንባው ጢሙን እያራሰ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለትና ለበሪራ፣ ወደርሱ ብትመለስ መልካም እንደሚሆን ነገሯት። የተጠቀሙበት ቅርጽ በዐረብኛ «ለው» ብሎ የሚጀምር ነው። በኛ አነጋገር «ብትመለሺለትስ?» እንደማለት ነው።

በሪራ ምን አደረገች? አስቀድማ የአረፍተ ነገሩን ዓይነት ጠየቀች። እያዘዟት እንደሆነ ለማወቅ ፈለገች። ትእዛዝ ከሆነ የአላህ መልእክተኛ ትእዛዝ ነው፤ ምርጫ የለውም። እሳቸውም እያማለዱ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። እንግዲያውስ አልፈልገውም አለች። አልተቆጧትም፤ አላስገደዷትም። ይህን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) አውርተውታል፤ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥም ይገኛል።

እስቲ እናስተውል። ከሰው ሁሉ በላይ ሊታዘዙ የሚገባቸው ነቢይ፣ ትናንት ባሪያ ለነበረች ሴት፣ ምልጃቸው ትእዛዝ እንዳይመስላት ለይተው ነገሯት።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ እንመለስ። በደብረ ታቦር፣ በእስቴ፣ በጋይንትም ሆነ በሌላው ያገራችን ክፍል፣ አዝመራ ተሰብስቦ የሠርጉ ወራት ሲቃረብ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎች ተከብረው ይቀመጣሉ፤ ቡና ይፈላል። ከዚያም ልጅቱ ትጠራና አባቷ ወይም አጎቷ «አባትሽን አታሳፍሪም አይደል?» ይላታል። ልጅቱ አንገቷን ትደፋለች። «ዝም ብላለች፤ ፈቅዳለች» ይባላል።

ይህ ጥያቄ ነውን? ከላይ ባየነው ሚዛን እንመዝነው። መጨረሻው «አይደል» ነው፤ መልሱ ተመርጧል። የተጠየቀችው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ አባቷ ክብር ነው። «አዎ» ብትል አላሳፍርም ማለቷ ነው፤ ስለ ትዳሩ ግን ምንም አልተናገረችም። «አይደለም» ለማለት ደግሞ በሽማግሌ ፊት አባቷን ማዋረድ አለባት። ቅርጹ ጥያቄ ነው፤ ፍሬው ግን ትእዛዝ ነው።

ሌላም ችግር አለ። «ልጁን አትጠይውም?» ስትባል «አዎ» ብትል፣ በአማርኛ አልጠላውም ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ እጠላዋለሁ ማለቷም ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ ለእንዲህ ያለው አፍራሽ ጥያቄ «በላ» የሚል የተለየ መልስ አለው። አንድ ሰው አፍራሹን ንግግር ሽሮ «እንዴታ፣ ነው እንጂ» ለማለት የሚጠቀምበት ነው። «ነዓም» ካለ ግን አፍራሹን ንግግር አጸደቀ ማለት ነው። አማርኛችን ይህን ልዩነት በአንዲት ቃል አይለይምና በከባድ ጉዳይ ላይ አፍራሽ ጥያቄ መጠየቅ አደጋ አለው።

አዎን፣ የድንግል ልጃገረድ ፈቃድ ዝምታዋ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሯል። ነገር ግን ሐዲሱ ከዝምታው በፊት መጠየቅን አስቀድሟል። አግብታ የነበረችውን ሴት በተመለከተ የመጣው ቃል «ቱስተእመር» የሚል ነው፤ «አምር»፣ ማለትም ትእዛዝ፣ ከሚለው ሥር የወጣ ነው። ትእዛዟ ይጠየቅ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ አዛዧ እርሷ ሆነች ማለት ነው! ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) አባቷ ሳትወድ በዳራት ጊዜ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ አቤት ብትል ጋብቻውን አፍርሰውላታል።

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ወሊይ ሥልጣን ወሰን ተለያይተዋል፤ ልጅቱን ማማከር መልካም መሆኑን ግን ይስማሙበታል። ከሐነፊ ሊቃውንትም ድምፅ አውጥታ ካለቀሰች ዝምታዋ ፈቃድ አይሆንም ያሉ አሉ። የዝምታን ፍች የሚወስነው የተጠየቀችው ጥያቄና ያለችበት ሁኔታ ነው። «እምቢ» ለማለት በር የሌለው ጥያቄ ፊት የቆመች ልጅ ዝም ብትል ፈቀደች ሳይሆን አፏ ተዘጋ ነው የሚባለው።

የሀገሪቱም ሕግ ይህንኑ ይጠይቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆንና የሁለቱም ተጋቢዎች ፈቃድ እንዲኖር ያዛሉ።

እንግዲህ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ ምን እናድርግ? ልጅቱ የምትጠየቀው ሽማግሌ ከመቀመጡ ቀናት አስቀድሞ ይሁን። የምትጠይቃት የማታፍራት ሰው ትሁን፤ እናቷ፣ አክስቷ ወይም ታላቅ እህቷ። ጥያቄው ስለ ሰውየው ይሁን፤ የአባት ክብርና የጎረቤት ወሬ አይግቡበት። ስሙ፣ ዲኑ፣ ሥራውና ጠባዩ ይነገራት። ከዚያም በቀጥታ «ይህን ሰው ለማግባት ትፈቅጃለሽ ወይስ አትፈቅጂም?» ትባል። ሁለቱም መልስ በጥያቄው ውስጥ ስላሉ የቱንም ብታነሳ ድፍረት አይሆንባትም። ለማሰብም ጊዜ ይሰጣት። አባት በበኩሉ የራሱን ሐሳብ መናገር ይችላል፤ ይገባዋልም። ግን እንደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ይህ ምልጃዬ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም» ብሎ ይለይላት።

ልጆችም፣ ወላጅ «ብታገቢውስ?» ሲል ግራ ከገባችሁ፣ በአደብ «አባባ፣ እያዘዙኝ ነው ወይስ እየመከሩኝ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሪራ ከዚህ የበለጠ ክብር ያላቸውን ሰው ጠይቃለች።

አላህ አንደበታችንን ያቅናልን፤ ቤቶቻችንንም በመዋደድና በመተዛዘን የታነጹ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።