የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቆጠር



ለዘንድሮው መገናኛችን መታሰቢያ ችግኝ እንትከል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት እስቲ የመናገሻ ሱባን ደን እናስበው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ ደን በአገራችን ቀደም ብለው ጥበቃ ካገኙት አንዱ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አስተካዩ ጥላው ሥር አላረፉም። ከእሳቸው በኋላ የመጣ ትውልድ ሁሉ ግን መጥረቢያ ይዞ መግባት ይችል ነበር። ዛሬ ያሉት ታላላቅ ጥዶች የመትከል ብቻ ሳይሆኑ ያለመቁረጥም ውጤት ናቸው።

ጥድ እኮ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት አዲስ አበባን ሲያስጨንቃት የደረሰላት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ ጉቶው መልሶ አያቆጠቁጥም።

ጥፋቱ የመጥረቢያ ብቻም አይደለም። ሐኪሞች የጥቁር እንጨትን ታሪክ እናውቃለን። ልጡ ለፕሮስቴት ዕጢ ማደግ መድኃኒት ስለሚፈለግ በአፍሪካ ደጋማ ደኖች ብዙ ተልጧል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር የዋለው ለዚህ ነው። በብዙ ዐሥርት ዓመታት ያደገውን ለመግደል አንድ ቀን ይበቃል።

ታዲያ የእኛስ ችግኝ? በእኛ ሙያ ሕመምተኛ አልጋ በያዘበት ቀን "ዳነ" አይባልም። ችግኝም በተተከለበት ቀን ዛፍ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹን በጋዎች ውኃ ይፈልጋል፤ ከብት እንዳይበላው አጥር ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ተመልሶ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ብዛቱን ቀንሰን አገር በቀሎቹን ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ እንትከል። እያንዳንዱ የምረቃ ዘመን የራሱን ችግኞች ይረከብ፤ ለአጥርና ለጠባቂ የሚሆን ገንዘብም ከመዋጯችን ይመደብ። የደረቀውን እንተካ። በየመድበላችን ላይም የተከልነውን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጥር እናውጣ፤ ቁጥሩ ቢያሳፍረንም እንኳ።