የባጃጁ ብድርና የልጆቻችን ዕድሜ

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ስለ ወለድና ስለ ቁጠባ ነው። ዘንድሮ ግን ከብድር ማመልከቻ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ባጃጁን ልጄ ቢነዳው ምን አለበት?» ዕድሜውን ስንጠይቅ 14 ወይም 15 ይሉናል። እዚህ ባህር ዳር ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ጢም ያላበቀለ ልጅ መሪ ጨብጦ የማናይበት ሳምንት የለም።

ጥያቄውን አናቃልለውም። የገጠር ልጅ በዚህ ዕድሜው በሬ ጠምዶ ያርሳል። የሚቀጠር ሹፌር ደግሞ የቀን ገቢ ያጓድላል፣ ባጃጁንም እንደራሱ አይዝም። ባሏ ለሞተባት እናት ልጇ የምታምነው ብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ሰምተናል፤ እውነትነትም አለው።

ነገር ግን በሬና ባጃጅ አንድ አይደሉም። በሬው ቢደነብር የሚጎዳው እርሻውና ገበሬው ነው። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው በፍጥነት ሲጠመዘዝ ይገለበጣል፤ ከኋላ የተቀመጡትም የሌላ ሰው እናትና ልጆች ናቸው። በዚያ ላይ የቀን ገቢ አለ። ማታ ይህን ያህል ብር ይዞ እንዲገባ የተነገረው ልጅ ትርፍ ሰው ይጭናል፣ ተሳፋሪ ለመቅደም ይሽቀዳደማል። አዋቂውም ይህን ያደርጋል፤ ልጅ ግን ብሬክ የሚያዝበትን ርቀት ገና አልለመደም።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። በአገራችን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው መንጃ ፈቃድ አያገኝም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለንብረት ማን ነው? ሊብሬው ላይ ስሟ የተጻፈው እናት ናት። የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ ብላ ልትጽናና ትችላለች። ሆኖም ፈቃድ የሌለው ልጅ ሲነዳ አደጋ ከደረሰ፣ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው የከፈለውን መልሶ ከእሷ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ የባጃጁ ዕዳ ይቀጥላል፣ የካሳው ይጨመራል፣ የልጁ ክስም አለ። ዋስ የሆኑት የቡድን አባሎቿም አብረው ይከፍላሉ። በመዝገባችን ላይ ይህን የሚችል አንድም ቤት አላየንም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነ ተቀጣሪ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሰማራ ይከለክላል። ለተቀጠረ የሰው ልጅ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ከትምህርት ቤት መጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ለሚነዳው ለገዛ ልጃችን ለምን ያንሳል?

አንድ ነገር ግን ይገርመናል። «ልጄ ይንዳው» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ «እኔ ልንዳው» ያለች አንዲት ብቻ። ወንበሩ ለሴት አይሆንም ያለ ማን ነው?

ስለዚህ የምናቀርበው ይህ ነው። የባጃጅ ብድር የሚለቀቀው የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃድ በፋይሉ ሲያያዝ ብቻ ይሁን፤ ሹፌር ሲቀየርም አዲሱ ፈቃድ ይምጣ። መንዳት ለምትማር አባል የሥልጠናው ክፍያ ከብድሩ ላይ ይታሰብላት። ልጁ 18 እስኪሞላው ከትምህርት መልስ ባጃጁን ይጠብ፣ የቀን ገቢውንም በደብተር ይመዝግብ፤ ደብተሩን እኛ እናዘጋጃለን። ከዚህ በፊት ብድር ወስደው ልጅ እያስነዱ ያሉ እናቶችን በተመለከተ፣ የሦስት ወር ጊዜ ይበቃል የሚሉም አይበቃም የሚሉም በመካከላችን አሉ። እሱን ለጉባኤው ትተናል።

ድምፅ የሚሰጠው ከቡናው በኋላ ነው። ወረቀቱ በሩ አጠገብ አለ፤ መጻፍ ለማትችሉ ጸሐፊያችን ታግዛችኋለች።