ፍጥነቱ ለሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ
(ለተማሪዎችና ለመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በመጪው ክረምት ከመካከላችን ብዙዎቹ ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ ውሃ መሳቢያ ጣቢያ ይሄዳሉ። እዚያም ከሚሰጠን ሥራ አንዱ አሮጌውን ሞተር፣ ኢንቨርተር ከሚባለው የፍጥነት መለወጫ መሣሪያ ጋራ ማገናኘት ነው። ሞተሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲቃጠል የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦውን የጠመጠመው ሠራተኛ ነው። እኛ ግን ይህ ወቀሳ ያለ ቦታው የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ይመስለናል፤ ለመናገር የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

መሣሪያው ከመሥመር የሚመጣውን 380 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፤ ቮልቱም ከ500 በላይ ይሆናል። ከዚያም ይህንኑ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቈረጠ ለሞተሩ የተፈለገውን ድግግሞሽ ይሰጠዋል። ባለ አራት ፖል ሞተር መስኩ በ50 ሄርትዝ በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ በ25 ሄርትዝ ደግሞ 750 ጊዜ ይዞራል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከማራገቢያው ነው። ተራው ሞተር የሚቀዘቅዘው በራሱ ዘንግ ጫፍ ላይ በተተከለ ማራገቢያ ስለሆነ፣ ሞተሩ በዘገየ ቍጥር ነፋሱም ያንሳል። እዚህ ላይ የሸክሙን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። ሴንትሪፉጋል የውሃ ፓምፕ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ስለሚወርድ ሞተሩ አይጨነቅም። የዕቃ ማመላለሻ ቀበቶ ወይም ባለ ፒስተን ኮምፕሬሰር ከሆነ ግን በ10 ሄርትዝም ቢሆን የሚጠይቀው የመጠምዘዝ ኃይል ያው ነው፤ ሽቦው ያንኑ ያህል አምፔር እንደ ተሸከመ ነፋስ ያጣል። ስለዚህ ለብቻው የሚዞር ማራገቢያ መጨመር፣ አለዚያም ተለቅ ያለ ሞተር መምረጥ፣ በጥቅልሉም ውስጥ ሙቀት የሚያመለክት ቴርሚስተር ማስገባት ይገባል።

ለአገራችን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአብዛኞቹ መሣሪያዎች ሙሉ ጕልበት የተጻፈው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለው ቦታ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩም ሥሥ ስለሆነ ሙቀትን እንደ ቈላው አየር አያነሣም። ብዙ አምራቾች ከ1000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ቀንሱ ይላሉ። እንግዲህ 100 አምፔር የተጻፈበት መሣሪያ እዚህ ከ87 አይበልጥም ማለት ነው። ይህ በካታሎጉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ኃላፊው «ትንሽ ጨምርበት» ሲልም ማሰብ ያሻል። ፓምፑን ከ50 ወደ 60 ሄርትዝ ማድረስ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ሲጨምር፣ የሚጠይቀውን ኃይል ግን 1.73 እጥፍ ያደርሰዋል።

ሌላው የገመድ ርዝመት ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ቮልት በድንገት የሚነሣ ስለሆነ፣ በረጅም ገመድ ላይ እንደ ማዕበል ሄዶ ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ እጥፍ ሊሆን፣ ከ1000 ቮልትም ሊያልፍ ይችላል። የአሮጌ ሞተር ሽቦ ልባስ ለዚህ አልተሠራም፤ ጠምጣሚው የሚወቀስበት ቀዳዳ የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ገመዱን ማሳጠር፣ ካልተቻለም በመሣሪያው መውጫ ላይ ማጣሪያ መትከል ይሻላል። በዘንጉ ላይ የሚጠራቀመውም ቮልት በኩሽኔታው በኩል ወደ መሬት ሲወርድ ብረቱን እየነከሰ ይሸነትረዋል። ለዚህ ግራሶ መጨመር መድኃኒት አይሆንም፤ የመሬቱን ሽቦ ማስተካከልና ዘንጉን በብሩሽ ከመሬት ማገናኘት ነው እንጂ።

በመሣሪያውና በሞተሩ መካከል ካፓሲተር ከቶ አይገባም፤ ኮንታክተርም ካለ ሞተሩ እየሠራ አይከፈትም።

በመጨረሻም የሰው ሕይወት አለ። ማብሪያው ከጠፋ በኋላ በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከ500 ቮልት በላይ ይዘው ይቈያሉ። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳትጠብቁ፣ ቀጥተኛውንም ቮልት በሜትር ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ፤ «ጠፍቷል» የሚላችሁ አለቃም ቢሆን። ልባሱን በሜገር ለመፈተሽ ስትፈልጉም አስቀድማችሁ ሦስቱን የሞተር ገመዶች ከመሣሪያው ፍቱ።