የሠርግ ኬክ በምን ይቆማል?

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በአዳራሽ የተነገረ)





በዚህ ታላቅ በዓል ላይ ስለ ኬክ ለመናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን ከዚህ ሆነን እናያለን። እኛም እስካለፈው ጥር ወር ድረስ ነገሩ የሚያስቅ ይመስለን ነበር።

በዚያ ወር የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ልጃቸውን ሲድሩ፥ የቤት ባልትና ክበብ አባሎች የሆንነው ዘጠኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሠርጉን ኬክ ሠርተን ለመስጠት ቃል ገባን። ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው፥ «ልጆቼ፥ ዳቦውን እናቷ ትደፋለች፤ ኬኩን ለእናንተ ትቻለሁ» ብለው ሌላ ሳያዙ ቀሩ።

ኬኩ ባለ ሦስት ደርብ ነበር። የታችኛው ወርድ 40፥ የመካከለኛው 30፥ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ሁለቱ የላይኛዎቹ ደርቦች በኩሽናው ሚዛን ላይ 6 ኪሎ ሆኑ። እንግዲህ ይህን ስድስት ኪሎ የሚሸከመው ማን ነው? የታችኛው ኬክ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የኬክ ውስጡ ከተመታ እንቁላል የመጣ አየር የሞላበት ስለ ሆነ በጣት ሲነኩት እንኳ ይጎደጉዳል፤ በመካከሉ ክሬም ሲጨመርበት ደግሞ የባሰውን ይንሸራተታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የላይኛ ደርብ በወርዱ ልክ በተቆረጠ ጠንካራ ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ከካርቶኑም በታች፥ በታችኛው ኬክ ውስጥ፥ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ዘንጎች እስከ መሠረቱ ድረስ ይተከላሉ። ክብደቱ ከካርቶኑ ወደ ዘንጎቹ፥ ከዘንጎቹም ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፤ ኬኩ ግን ዘንጎቹን ከቦ ከመቆም በቀር የሚሸከመው ነገር የለም።

ይህን እናውቅ ነበር። በታችኛው ደርብ አምስት ዘንግ ተክለናል። ነገር ግን ሥራውን ለሁለት ተከፋፍለን ነበርና፥ ሦስቱን ዘንጎች የቆረጡት ኬኩ ክሬም ከተቀባ በኋላ ለክተው ሲሆን፥ ሁለቱን የቆረጡት ግን ከመቀባቱ በፊት ለክተው ነበር። ልዩነቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ደግሞም ቸኩለን ሦስቱንም ደርብ እዚሁ ደራርበን በመኪና ላክነው። ከኋላ ተቀምጦ የያዘው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

ሠርጉ ቤት ደርሰን የመኪናው በር ሲከፈት ኬኩ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አገኘነው። ጠረጴዛው ላይ ሳናደርሰው የላይኛው ደርብ ተንሸራቶ ከመሬት ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ በእንግዳው ሁሉ ፊት፥ «ያዘነበልኸው አንተ ነህ! ቀጥ አድርገህ መያዝ አቅቶህ ነው!» ብለን በልጁ ላይ ጮኽንበት። እሱም አንድ ቃል አልመለሰልንም። ሙሽሮቹ የቀሩትን ሁለት ደርቦች ቆረሱ፤ አባባም ምንም እንዳልሆነ ሰው አጨበጨቡልን፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ አሳፈረን።

ማታ ሳሕኑን ልንመልስ ዘንጎቹን አውጥተን ጎን ለጎን ብናቆማቸው፥ ሁለቱ ከሦስቱ አጥረው አየናቸው። የካርቶኑ አንድ ጎን በዘንግ ላይ፥ ሌላው ጎን በባዶ ኬክ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ኬክ መልአክ ቢይዘውም ማዘንበሉ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝን። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ሲያገቡ የቀረበው ኬክ ክብደቱ 136 ኪሎ ያህል ነበር። በ1858 ለሴት ልጃቸው ሠርግ የተሠራው ወደ ላይ ከፍ ያለ ቢሆንም፥ እውነተኛ ኬክ የነበረው የታችኛው ብቻ ነው፤ የላይኛው ሁሉ ስኳር ነበር። ደርቡ ሁሉ ኬክ የሆነው በ1882፥ በልጃቸው በልዑል ሊዮፖልድ ሠርግ ነው። በ1947 ለልዕልት ኤልሳቤጥ የተሠራው ደግሞ አራት ደርብ፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱም 227 ኪሎ ያህል ነበር። የእነርሱ ኬክ ግን በደረቅ ፍራፍሬ የታጨቀና ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ስኳር የተለበጠ ነው፤ የኛ ለስላሳ ኬክ ያንን አያህልም።

እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ኬኩ ከተቀባና በማቀዝቀዣ ካደረ በኋላ አንድ ዘንግ እስከ ታች አስገብተን፥ ከክሬሙ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ ምልክት አድርገን እንቆርጠዋለን። ሌሎቹን የምንቆርጠው በዚያው ዘንግ ልክ ነው፤ የሚቆርጠውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘንጎቹ የሚተከሉት በላይኛው ደርብ ወርድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥተው የተተከሉ ምንም አይሸከሙም። በመጨረሻም ጫፉ የተሾለ አንድ ረጅም ዘንግ ከላይ እስከ ታች በካርቶኖቹ መካከል ይነዳል። ይህንን እኛ ምሰሶ እንለዋለን፤ ነገር ግን እንደ ጎጆ ቤት ምሰሶ አይደለም፤ ሥራው ደርቦቹ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ መያዝ ነው፤ ሸክሙ የዳሮቹ ነው።

ልጁን በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቀነዋል። ሆኖም የወቀስነው በሰው ፊት፥ ይቅርታ የጠየቅነው ግን በኩሽና ውስጥ ተደብቀን ነበር። ይህ ትክክል ስላልመሰለን፥ አባባም በተቀመጡበት በዚህ አዳራሽ፥ ጥፋቱ የኛ እንጂ የእሱ እንዳልነበረ በእናንተ ሁሉ ፊት እንናገራለን።

በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ የምታዩትን የበዓሉን ኬክ ዛሬ ጠዋት ደርብ በደርብ፥ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያመጣው እሱ ነው። የተደረደረውም እዚሁ ነው። በታችኛው 6፥ በመካከለኛው 4 ዘንግ አለ፤ ከምሰሶው ጋር 11 ይሆናሉ። ሕፃናት ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፥ 11ዱም ወጥተው ተቆጥረው በሳሕን ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ለልጆቻችሁ እንዳታቀምሱ እንለምናችኋለን።